ጭር ያለው መንገድና እኛ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ መኪና ኢንሹራንስ አጠር ያለ ገለጻ እንዳደርግ ነበር። እሱንም በመሐል አነሳዋለሁ። ነገር ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ አለ፤ ከመረዳጃ ገንዘባችን ላይ ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች የመጓጓዣ ድጋፍ እንመድብ ወይስ አንመድብ የሚለው። ይህን ለመወሰን በኮሮና ጊዜ በዚህ አገር መንገድ ላይ ምን እንደደረሰ ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ንግግሬን ወደዚያ አዞርኩት።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምሠራው በአንድ የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅት የካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው ብል ይቀላል። ሰው ይጋጭና ይደውላል፤ የት ነው፣ መቼ ነው፣ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የመኪናውን ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔም መዝገብ እከፍታለሁ። ከማለዳ እስከ ማታ ይኸው ነው።

ማርች 30 ቀን 2020 (ዓመቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጠራው) የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ገዢዎች፣ የዋሽንግተን ዲሲም ከንቲባ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን ከቤት አትውጡ የሚል ትእዛዝ አወጡ። በኤፕሪል ወር በመላው አሜሪካ በመኪና የተነዳው ርቀት ካለፈው ዓመት ኤፕሪል ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ ያህል ወረደ። ቤልትዌይ ላይ ከሥራ መውጫ ሰዓት መኪና ሳይገታ ሲሄድ ማየት ለእኛ ለዚህ አካባቢ ነዋሪዎች እንደ ተአምር ነበር። የእኔም ስልክ ዝም አለ። በቢሯችን ከሥራ እንቀነሳለን ተብሎ ተሰጋ። ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ከኤፕሪልና ከሜይ ክፍያ ላይ 15 በመቶ ያህል ለደንበኞቻቸው መለሱ። ከእናንተም መካከል የተመለሰላችሁ ትኖራላችሁ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነበር፦ በሽታው ክፉ ነው፣ ቢሆንም መንገዱ ሰላም አገኘ።

ቆጠራው ሲወጣ ግን የተገኘው ሌላ ነው። በ2020 ፖሊስ የመዘገባቸው ግጭቶች ከ2019 ጋር ሲነጻጸሩ በ22 በመቶ ቀነሱ። የቆሰለው ሰው ቁጥርም ወረደ። የሞተው ሰው ቁጥር ግን ጨመረ። በ2019 በመላው አገሪቱ በመንገድ አደጋ የሞቱት ከ36,000 ትንሽ ከፍ ይሉ ነበር፤ በ2020 ወደ 39,000 ተጠጉ። ከ2007 ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም። ይህ የሆነው ደግሞ በዓመቱ የተነዳው ርቀት ከ10 በመቶ በላይ ቀንሶ እያለ ነው። በየ100 ሚሊዮን ማይሉ የሚሞተው ሰው ከ1.1 ወደ 1.34 ከፍ አለ። ሰው ትንሽ ነዳ፣ ትንሽ ተጋጨ፣ ብዙ ሞተ።

ይህ እንዴት ይሆናል? እኔ በፎቶ አየሁት። ከዚያ በፊት ይደርሱኝ የነበሩት ፎቶዎች በአብዛኛው የተጨረመተ መከላከያ፣ የተሰበረ የኋላ መብራት፣ የተፋቀ በር ነበሩ። ሰው በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ እየተንፏቀቀ ከፊቱ ያለውን ይነካል፤ ወርዶ ይጨቃጨቃል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያ በጸደይ እነዚህ ጠፉ። በቁጥር ጥቂት የሆኑት የሚመጡት መዝገቦች ግን መኪናው የማን ምርት እንደሆነ እንኳ ለመለየት የሚያስቸግሩ ነበሩ።

ሁላችንም የምንረግመው የመኪና ጭንቅንቅ ለካ ፍሬን ኖሯል። እሱ ሲነሳ እግር ነዳጁ ላይ ከበደ። የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ከማርች 19 እስከ ኤፕሪል 19 ቀን 2020 ባለው አንድ ወር ብቻ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ሲነዱ የተያዙ 2,493 ሾፌሮችን ቀጥቷል። ባለፈው ዓመት በዚያው ወር የቀጣቸው 1,335 ነበሩ። ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ድረስ ማን ቶሎ ይደርሳል እያሉ በሕገ ወጥ መንገድ የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ፤ በዚያ ጸደይ ክብረ ወሰኑ ደጋግሞ ተሰበረ። ሰው በየሆስፒታሉ ኮሪደር እየሞተ ባለበት ሰዓት ይህን እንደ ጀብዱ የቆጠሩ ነበሩ። አስተያየቴን ለራሴ ልያዘው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ለእግረኛ ደግሞ ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። መኪናችን ሲበላሽ የምንደውልለት የትሪፕል ኤ የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን በ2011 ያወጣው ጥናት አለ። እንደዚያ ጥናት በሰዓት 23 ማይል የሚሄድ መኪና የመታው እግረኛ የመሞት ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው። በ42 ማይል ከተመታ ከሁለት አንድ ይሆናል። በ58 ማይል ከአሥር ሰዎች ዘጠኙ ይሞታሉ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወይም ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ላይ ማለዳ ቆማችሁ ካያችሁ መኪናው በስንት እንደሚሄድ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ፍጥነት ብቻ አይደለም። በ2020 ከፍጥነት ጋር የተያያዘው ሞት በ17 በመቶ ጨመረ። ጠጥቶ በመንዳት የደረሰው ሞት በ14 በመቶ፣ የደኅንነት ቀበቶ ያላሰሩ ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች ሞት እንዲሁ በ14 በመቶ ጨመረ። በዚያ ዓመት በቤት መኪና ውስጥ ሆነው ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ቀበቶ አላሰሩም ነበር። ስለ ቀበቶ ካነሳሁ አይቀር፣ እኛ ዘንድ ያለ ልማድ አለ። ከፊት የተቀመጠችው ታስራለች፤ ከኋላ አራት ሆነን ተጠጋግተን፣ ድፎ ዳቦውን ጭናችን ላይ አድርገን ወደ ለቅሶ ቤት ወይም ወደ ክርስትና ቤት እንሄዳለን። «ከኋላ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» የምትል እህት ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ ስሟን አልጠራም። ከኋላ ያልታሰረ ሰው መኪናው ሲጋጭ ከፊት የተቀመጠችውን ነው በሙሉ ክብደቱ የሚመታት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። መንገዱ ጭር ሲል መንገድ ላይ የቀረው ማን ነበር? ከቤቱ በኮምፒዩተር መሥራት የሚችለው ገባ። የቀሩት የአረጋውያን ረዳቶች፣ ነርሶች፣ የነርሲንግ ሆም ሠራተኞች፣ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባዮች፣ ሆስፒታል የሚያጸዱ፣ ምግብ የሚያደርሱ ነበሩ። ይኸውም እኛ ነን። የብሔራዊው የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የመጀመሪያ ግምቱን ሲያወጣ በ2020 የሞቱት ጥቁሮች ቁጥር በ23 በመቶ ጨምሯል ብሏል፤ በአገሪቱ በጠቅላላ ከጨመረው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለዚህ ብዙ ሰበብ ይኖረዋል። እኔ ግን ማን ቤቱ እንደቀረ፣ ማን ደግሞ ሥራ እንደወጣ ሳስብ አልገረመኝም።

በዚያ ላይ መጓጓዣው ተቆረጠ። የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያቆም ጀመር፤ አሥራ ዘጠኝ ጣቢያዎች ተዘጉ፤ አውቶቡሱም ጥቂት መስመሮች ላይ ብቻ ቀረ። የምሽት ፈረቃ የሚያልቀው ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። አገር ቤትም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በመጋቢት 2012 መጨረሻ ሲታወጅ ታክሲና አውቶቡስ ግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ታዝዞ፣ ታሪፉም ጨምሮ ነበር፤ እናቴ በስልክ ስታማርር አስታውሳለሁ። እዚያ ሴቲቱ ሁለት እጅ ከፍላም ቢሆን ትሳፈራለች። እዚህ የሚሳፈሩበት አልነበረም። ስለዚህ የቻለች ያገለገለ መኪና ገዛች፣ ያልቻለች በእግሯ ሄደች፣ ለጉዞ በየቀኑ 25 ዶላር እየከፈለች የሠራችውን ለኡበር የመለሰችም ነበረች።

መኪና የገዙት ደግሞ ብዙዎቹ አዲስ ሾፌሮች ነበሩ፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት ቢሮዎችም ተዘግተው ነበር። ጆርጂያ ውስጥ ገዢው የመንገድ ላይ ፈተናውን ለጊዜው በማንሳታቸው ወደ 20,000 የሚጠጉ ወጣቶች ሳይፈተኑ መንጃ ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል። ኋላ ተመልሳችሁ ተፈተኑ ተባሉ እንጂ።

ደጋፊዎቻችን ገንዘባችሁ የት እንደዋለ ማወቅ ስለሚገባችሁ፣ እሷም ፈቅዳልኛለችና፣ የአንዲት እህታችንን ነገር ልንገራችሁ። በ2020 መጸው ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ስድስት መስመር ባለው ሰፊ መንገድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ስትሻገር መኪና መታትና ሄደ። አልቆመም። ዳሌዋና የግራ እግሯ ተሰበረ። ስምንት ወር ሥራ አልገባችም። የማኅበራችን የመረዳጃ ገንዘብ የአምስት ወር የቤት ኪራይዋን ከፈለ፤ ተራ ገብታችሁ ምግብ ያደረሳችሁላትም እዚህ አላችሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ ዛሬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው። መኪናው ካመለጠ ምንም የምታገኘው ነገር የለም ብለው ብዙ ሰዎች ነግረዋት ነበር። የምትኖረው ከወንድሟ ጋር ነው፤ ወንድሟ መኪና አለው፣ ኢንሹራንስም አለው። በወንድሟ ውል ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ያመለጠ ሾፌር ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ክፍል አለ። ያ ክፍል አብሮ የሚኖረውን ዘመድም ይሸፍናል፣ በእግር ስትሄድ እንኳ ብትመታ። ጥያቄው ቀረበ፣ ተከፈላት። ሁሉን አልሸፈነም፣ ግን ትልቁን ዕዳ አወረደላት። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የኢንሹራንስ ወረቀታችሁን አውጡና ያ ክፍል ስንት ተብሎ እንደተጻፈ እዩት። በብዙዎቻችን ውል ላይ ያለው ሕጉ የሚያስገድደው ትንሹ መጠን ነው። ከፍ ማድረጉ ብዙ ጊዜ የሚያስጨምረው ገንዘብ ከምናስበው ያነሰ ነው።

የተከፈላት ደግሞ በእግረኛ መሻገሪያው ላይ፣ መብራቱም ፈቅዶላት ስለነበረች ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ሕግ ጨካኝ ነው፤ ለእኔ ሌላ ቃል የለኝም። አደጋው ሲደርስ የተጎጂዋ ጥፋት አንድ በመቶ ብቻ እንኳ ከሆነ የካሳ መብቷን በሙሉ ልታጣ ትችላለች። ከመሻገሪያው አሥር ሜትር ርቃ ብትሻገር ኖሮ ያ ገንዘብ አይኖርም ነበር። ዲሲ ይህን ሕግ በ2016 ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አሻሽሎታል፤ ሁለቱ ጎረቤቶቹ እንደያዙት ነው። እኔ ደግሞ ከአንዱ መብራት እስከሚቀጥለው ግማሽ ማይል በሚያስኬድ መንገድ ላይ፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ የሠራችን ሴት ሄደሽ ተሻገሪ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ሂዱና ተሻገሩ።

አንዳንዶቻችሁ «ኮሮና አልፏል፣ ይህ ያለፈ ታሪክ ነው» ትሉ ይሆናል። ባለፈ ጥሩ ነበር። በ2021 ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ፣ መንገዱም ሞላ፤ የሞተው ሰው ግን ወደ 43,000 ደረሰ፣ ከ2005 ወዲህ ከፍተኛው። ከነዚህ ውስጥ ከ7,300 በላይ የሚሆኑት እግረኞች ነበሩ። ከሚሞቱት እግረኞች ከአራቱ ሦስቱ የሚሞቱት በጨለማ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ ይህን ስሙልኝ። ዲሲን ለብቻው ብናየው በ2019 በመንገድ አደጋ የሞተው 27 ሰው ነበር፤ በ2020 37 ሆነ፣ በ2021 40፣ በ2023 ደግሞ 52። ከተማው በ2015 ዕቅድ ሲያወጣ ግን በ2024 አንድም ሰው እንዳይሞት እናደርጋለን ብሎ ነበር። በአገር ደረጃ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወርዷል፤ ይሁንና በ2024 የተገመተው ሞት ከ39,000 በላይ ነው፣ ገና ኮሮና ከመግባቱ በፊት ከነበረው አልተመለሰም። ያ 15 በመቶ ተመላሽስ? እስከ 2024 መጀመሪያ ባለው አንድ ዓመት ብቻ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ከ20 በመቶ በላይ ጨምሯል። የተሰጠን ተመልሶ ተወስዷል፣ ከነወለዱ።

ሰበቡ ቫይረሱ ነው እንዳይባል አውሮፓ አለ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በዚያው 2020 በራቸውን ዘግተው ነበር፤ መንገዳቸው ጭር ብሎ ነበር። በመንገድ የሞተው ሰው ግን በ17 በመቶ ቀንሶ 18,800 ያህል ሆነ። ብሪታንያም ተመሳሳይ ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው የሚያየው ነገር አለ። የእኛ ሠፈር መንገዶች ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሾፌሩን ሂድ ሂድ የሚሉ ናቸው። ያዘገያቸው የነበረው የመኪናው ብዛት ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ፖሊሶችም በሽታውን ፈርተው በብዙ ቦታ መኪና ማስቆም ቀነሱ። በዚያ ወቅት ፍጥነትን የለመደ እግር ደግሞ መንገዱ ሲሞላም አልለቀቀውም። ዲሲ በጁን 2020 በመንደር ውስጥ መንገዶች የፍጥነት ወሰኑን ከ25 ወደ 20 ማይል አውርዷል፤ መልካም ነው፣ ግን ከላይ ያነበብኩላችሁ ቁጥሮች ከዚያ በኋላም የመጡ ናቸው። ምልክት መለወጥ ርካሽ ነው፤ መንገዱን ማጥበብና መሻገሪያ መጨመር ነው ገንዘብ የሚጠይቀው።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «መንገድ የመንግሥት ነው፤ የእኛ ማኅበር የሐዘንና የደስታ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ምን አገባን?» ብለው ነበር። እውነት አላቸው፣ መንገዱን የሚሠራው መንግሥት ነው። የካውንቲው ምክር ቤት ስለ መሻገሪያ መብራት ሲሰማ ሄደን እንናገር የሚለውን ሐሳብም እደግፋለሁ፤ እዚያ የሚሄዱት ዘወትር ውሻ የሚያንሸራሽሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ አውቶቡስ የምንጠብቀው እኛ አይደለንም። ግን እማማ፣ መብራቱ እስኪተከል ሦስት ዓመት ነው። እህቶቻችን ዛሬ ማታ ከሥራ ይወጣሉ። ማኅበራችን ለሐዘን የሚያወጣውን ገንዘብ ከወዲሁ በከፊል ለመጓጓዣ ቢያውለው የማኅበሩን ዓላማ ለቀቀ የሚያሰኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ኮሚቴው ያቀረበው ይህ ነው። መኪና ያላቸው አባላት በተራ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚወጡትንና ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የሚገቡትን በየአካባቢያቸው ያደርሳሉ፤ ማኅበሩ የነዳጅ ወጪ ይሸፍናል። እዚህ ላይ ከሥራዬ የማውቀውን አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ ሾፌሯ ከተሳፋሪዋ ሒሳብ እንዳትቀበል። የነዳጅ ወጪ መጋራት አንድ ነገር ነው፤ እንደ ታክሲ ማስከፈል ግን ሌላ ነው፣ የቤት መኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው በክፍያ ሰው ለሚጭን መኪና አልከፍልም ይላል። ገንዘቡ ከማኅበሩ ሒሳብ ብቻ ይሂድ፣ ደረሰኝም ይያዝ፤ እያንዳንዷ ሾፌርም አስቀድማ ኢንሹራንሷ ዘንድ ደውላ ትጠይቅ። ሁለተኛው፣ በመኪናው ውስጥ ያለች ሁሉ፣ ከኋላም ጭምር፣ ቀበቶ ሳታስር መኪናው አይንቀሳቀስ። ሦስተኛው፣ በእግራቸው ወደ አውቶቡስ ለሚሄዱት መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ይገዛል። ጥቁር ካፖርት ለምን እንደምንወድ አላውቅም፣ ሁላችንም ግን ጥቁር ካፖርት ነው ያለን።

ስም መመዝገቢያው ከቡናው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ወረቀት አለ፤ ነጩ የሚነዱት የሚጽፉበት፣ ቢጫው የሚሳፈሩት። በቢጫው ላይ ሠፈራችሁንና ፈረቃችሁ የሚያልቅበትን ሰዓት ጻፉ፤ በአበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት ከጎኑ ምልክት አድርጉ፣ አለዚያ ሾፌሯ ስድስት ሰዓት ቀድማ ወይም ዘግይታ ትመጣለች።